ኩዌሪው ትክክል ይመስላል፣ መልሱ ግን ባዶ ነው፦ ፓራሜትራይዝድ ኩዌሪን ደረጃ በደረጃ መፈተሻ

ጅማ ውስጥ ዌብ አፕሊኬሽን የሚሠሩ ልጆች ላፕቶፓቸውን ይዘው ሲመጡ በብዛት የምሰማው አንድ ቅሬታ ነው። «ኩዌሪውን ፓራሜትራይዝድ አደረግኩት፤ ከዚያ ወዲህ እምቢ አለ።» ቀጥሎ የሚመጣው ነው የሚያስደነግጠኝ። «ስለዚህ ለጊዜው ወደ ድሮው መለስኩት።»

ድሮው ማለት ከፎርም የመጣውን ጽሑፍ በቀጥታ ከኤስኪውኤሉ ጋር መቀጠል ነው። ፓራሜትራይዝድ ኩዌሪ ግን በእሴቱ ቦታ ፕሌስሆልደር የሚባል ምልክት (ለምሳሌ ?) አስቀምጦ እሴቱን ለብቻው የሚሰጥ ኩዌሪ ነው። ይህን አታድርጉ። ያ «ለጊዜው» የቡናው ወቅት መጥቶ እስኪያልፍ እዚያው ይቀመጣል። በዚያ ክፍተት የሚገባ ሰው የገበሬውን ስም፣ ስልክና ሒሳብ ሁሉ ይዞ ይወጣል። ሌባው ቢቀር እንኳ የራሳችን ሰው ስም ያፈርሰዋል። በቁቤ ስንጽፍ ሁዳ የምንላት ጭረት (') አለች። ሰዒድ ወይም ጋኡምሳ የሚል ስም በቁቤ ሲጻፍ መሃሉ ላይ ትገባለች። በተቀጠለ ኩዌሪ ውስጥ ይቺ ጭረት ጽሑፉን ትዘጋዋለች፤ ምዝገባው ይሰበራል። ፓራሜትር ስትጠቀሙ ግን ጭረቷ እንደ ማንኛውም ፊደል ታልፋለች።

ስለዚህ መንገዱ ወደ ፊት ነው። ችግሩን ፈልጎ ማግኘት ይቻላል፤ ቅደም ተከተሉን ከጠበቃችሁ ብዙ ጊዜም አይፈጅም።

ምሳሌዎቼ በፒኤችፒ እና በማይኤስኪውኤል ናቸው፤ እኔ ጋ የሚመጡት አብዛኞቹ ላፕቶፓቸው ላይ ዛምፕ የጫኑ ናቸውና። ምሳሌው አፕሊኬሽን ገበሬው እሸት ቡና ሲያስረክብ የሚመዘግብ ነው። አንድ ቴብል አለው፦ ስም፣ ስልክ፣ ወረዳ፣ ኪሎ፣ ቀን። ትእዛዞቹን በንባባቸው ነው የምጽፋቸው። እናንተ ኤዲተራችሁ ላይ እንደተለመደው ጻፏቸው።

## ከመንካታችሁ በፊት

1. ኮፒ ላይ ሥሩ። ሰዎች እየተጠቀሙበት ያለውን ዳታቤዝ አትፈትኑበት። በማይኤስኪውኤል ደምፕ ወይም በፒኤችፒማይአድሚን ኤክስፖርት አውጡት። ላፕቶፓችሁ ላይ በሌላ ስም አስገቡት። የወጣው ፋይል ባዶ አለመሆኑን ከፍታችሁ እዩ። ኤክስፖርት መሃል ላይ መብራት ከጠፋ ግማሽ ፋይል ይቀራል። ያንን ባክአፕ ብላችሁ ተማምናችሁ ብትቀጥሉ በኋላ ታለቅሳላችሁ።

2. ኤረሩ እንዲናገር አድርጉ። ፒዲኦ እና ማይኤስኪውኤልአይ ፒኤችፒ ከዳታቤዝ ጋር የሚነጋገርባቸው መሣሪያዎች ናቸው። ከፒኤችፒ 8.0 ጀምሮ ፒዲኦ ሲሳሳት በራሱ ኤክሴፕሽን ይወረውራል። ማይኤስኪውኤልአይ ደግሞ ከ8.1 ጀምሮ። ከዚያ በታች ያለ ቨርዥን ላይ ከሆናችሁ ዝም ብሎ ፎልስ ይመልሳል፤ እናንተም «ምንም ኤረር የለውም» ትላላችሁ። ስለዚህ ኮኔክሽኑን ስትከፍቱ ኤረር ሞዱን ኤክሴፕሽን አድርጉት። ከዚያ በኮዱ ውስጥ ባዶ ካች ብሎክ ካለ ፈልጋችሁ አጥፉት። ኤረር የሚቀበር እዚያ ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ ላፕቶፕ ላይ ኤረሩ ስክሪን ላይ ይውጣ። ሰርቨር ላይ ግን ወደ ሎግ ፋይል ብቻ ይሂድ። የቴብላችሁንና የኮለማችሁን ስም ለማያውቁት ሰው አታሳዩ።

3. የፒዲኦን ኢሙሌሽን አጥፉ። ለማይኤስኪውኤል ሲሆን ፒዲኦ በተለምዶ እውነተኛ ፕሪፔር አያደርግም፤ ፕሪፔር ማለት ኩዌሪውን ያለ እሴቶቹ አስቀድሞ ለዳታቤዙ መላክ ነው። እሴቶቹን ራሱ በጥንቃቄ ኮት አድርጎ ጽሑፉ ውስጥ ያስገባና የተጠናቀቀ ኩዌሪ ይልካል። ኢሙሌሽን የምንለው ይህን ነው። በዚህ ምክንያት የኤስኪውኤሉ ስህተት ፕሪፔር ላይ አይታይም፤ ኤክስኪዩት ላይ (እሴቶቹ ተሰጥተው ኩዌሪው ሲሠራ) ይወጣል፣ እናንተም እሴቱን ትጠረጥራላችሁ። ኢሙሌት ፕሪፔርስ የሚለውን ፎልስ አድርጉት። ከዚያ በኋላ ፕሪፔር ላይ የወጣ ኤረር የኩዌሪው ጽሑፍ ነው፤ ኤክስኪዩት ላይ የወጣ ደግሞ በአብዛኛው የእሴቱ።

ኢሙሌሽኑን ስታጠፉ ሌላ ኩዌሪ ቢሰበር አትደንግጡ። አንድን ባለስም ፕሌስሆልደር (በጥያቄ ምልክት ፋንታ ስም ያለውን) በአንድ ኩዌሪ ውስጥ ሁለት ጊዜ ተጠቅማችሁ ይሆናል። ኢሙሌሽን ሲጠፋ ይህ አይፈቀድም። ሁለተኛውን ሌላ ስም ስጡትና ያንኑ እሴት ሁለት ጊዜ ላኩ።

4. አንዱን ኩዌሪ ለይታችሁ አውጡ። ሙሉውን ገጽ እየከፈታችሁ አትፈትኑ። አዲስ ትንሽ ፋይል ክፈቱ። ኮኔክሽኑን፣ የተበላሸውን ኩዌሪና እሴቶቹን ብቻ አስገቡ። እሴቶቹን በእጃችሁ ጻፏቸው። እዚህ ከሠራ ችግሩ ከፎርሙ በሚመጣው ነገር ላይ ነው፤ ወደ ደረጃ 3 ዝለሉ። እዚህም ካልሠራ ከደረጃ 1 ጀምሩ።

## ደረጃ 1፦ የኤረሩን ቁጥር አንብቡ

ብዙ ሰው ረጅሙን ቀይ ጽሑፍ አይቶ ይዘጋዋል። ቁጥሩን ብቻ ፈልጉ።

1064 ካለ የኤስኪውኤሉ አጻጻፍ ተበላሽቷል። «ኒር» ከሚለው ቃል ቀጥሎ ያለውን ተመልከቱ፤ ስህተቱ እዚያው ወይም ከዚያ ትንሽ ቀደም ብሎ ነው። 1054 ካለ የሌለ ኮለም ጠርታችኋል። 1146 ካለ ቴብሉ የለም፤ አብዛኛውን ጊዜ የተሳሳተ ዳታቤዝ ላይ ናችሁ። ላፕቶፑ ዊንዶውስ፣ ሰርቨሩ ሊኑክስ ከሆነ ደግሞ የቴብሉን ስም ትልቅና ትንሽ ፊደል አስተያዩ። ሊኑክስ ላይ ለቴብል ስም ይለያያሉ።

ኤችዋይ093 ካለ የፕሌስሆልደሩና የእሴቱ ቁጥር አልተገናኘም። ይህ ደረጃ 2 ነው።

1292 እና 1366 ካሉ እሴቱ ከኮለሙ ዓይነት ጋር አልተስማማም። ወደ ደረጃ 3 ሂዱ።

2014 ካለ ከዚህ በፊት የጠየቃችሁት ኩዌሪ ውጤቱ ተነቦ አላለቀም። የፊተኛውን በፌችኦል ጨርሳችሁ አንብቡ ወይም ከርሰሩን ዝጉ። ከዚያ አዲሱን ላኩ።

ምንም ቁጥር ከሌለና ውጤቱ ብቻ ባዶ ከሆነ ከደረጃ 3 ጀምራችሁ ውረዱ። ከባዱ ይህ ነው፤ ጊዜያችሁን የሚበላውም እሱ ነው።

## ደረጃ 2፦ ቁጠሩ

በጣታችሁ ቁጠሩ፤ የምሬን ነው። የጥያቄ ምልክቶቹን ቁጠሩ፣ ከዚያ የላካችኋቸውን እሴቶች ቁጠሩ። ሁለቱ እኩል መሆን አለባቸው። ኢንሰርት ላይ ደግሞ ሦስተኛ ቁጥር አለ፦ የኮለሞቹ።

እኩል ሆነው ኤችዋይ093 አሁንም ከወጣ እነዚህን በተራ እዩ።

የጥያቄ ምልክቱ በኮት ውስጥ ገብቷል? «ዌር ስልክ = '?'» ብሎ መጻፍ ብዙ ጊዜ ያጋጥማል፤ ከድሮው ኮድ የቀረ ኮት ነው። በኮት ውስጥ ያለ ጥያቄ ምልክት ተራ ፊደል ነው። ኮቱን አጥፉት። ጽሑፍም ይሁን ቀን ለፕሌስሆልደር ኮት አያስፈልገውም።

ፍለጋ ላይ «ላይክ '%?%'» ጽፋችኋል? ይህም ያው ነው። ኩዌሪው ውስጥ «ላይክ ?» ብቻ ጻፉ። የመቶኛ ምልክቶቹን ከእሴቱ ጋር አያይዛችሁ ላኩ።

ባለስም ፕሌስሆልደር ከሆነ ስሙን አስተያዩ። በላቲን ፊደል፣ በቁጥርና በታች ሰረዝ ብቻ ይሁን። መሃል ላይ የመቀነስ ምልክት ካስገባችሁ ፒዲኦ ስሙን እዚያ ይቆርጠዋል።

ማይኤስኪውኤልአይ ላይ ከሆናችሁ የዓይነት ፊደሎቹም ይቆጠራሉ። አራት እሴት ካለ አራት ፊደል ይኖራል።

## ደረጃ 3፦ እሴቱን አገላብጣችሁ እዩ

በዚህ ደረጃ ላይ በደንብ ልቆይ፤ ወደ እኔ ከመጡት ችግሮች ግማሽ የሚሆኑት መፍትሔያቸው እዚህ ተገኝቷል።

ኤክስኪዩት ከሚለው መስመር በፊት ቫርደምፕ አድርጉ። ኤኮ አይበቃም። ኤኮ የሚያሳያችሁ መልኩን ነው፤ ቫርደምፕ ዓይነቱንና ርዝመቱን ይነግራችኋል።

### ስልክ ቁጥር

አንድ የቡና መረከቢያ ላይ ያየሁትን ልንገራችሁ። መሽቷል። አንድ አዛውንት ከማና ወረዳ እሸት ቡናቸውን ጭነው መጥተዋል። መዝጋቢው ልጅ ስልካቸውን ጠየቀና አስገባ። «አባባ፣ አልተመዘገቡም ይላል» አላቸው። አዛውንቱ ሚዛኑን እንደያዙ «ልጄ፣ ባለፈው ሳምንት አንተው አይደለህ የመዘገብከኝ?» አሉት። እውነታቸውን ነበር። ልጁ ደግሞ ጻፈ፣ ደግሞ «የለም» አለ። ከኋላ ሰልፉ ረዘመ።

ኮዱን ስንከፍተው የምዝገባው ፎርም ስልኩን በማይኤስኪውኤልአይ «አይ» በሚለው ዓይነት ይልካል፤ አይ ማለት ሙሉ ቁጥር ነው። ቁጥር ሲሆን ከፊት ያለው ዜሮ ይጠፋል። 09 ብሎ የሚጀምረው በ9 ጀምሮ ተቀመጠ። የፍለጋው ገጽ ግን በ«ኤስ» ማለትም በጽሑፍ ዓይነት ይልካል። ዜሮ ያለውን ዜሮ ከሌለው ጋር አስተያየ፣ አላገኘም። ሁለቱም ኩዌሪዎች ለየብቻቸው ምንም ኤረር የላቸውም።

እንዲህ አስተካክሉት፦

1. የስልክ ኮለሙ ቫርቻር (የጽሑፍ ዓይነት) ካልሆነ ቫርቻር አድርጉት።
2. በየትኛውም ገጽ ላይ ስልክን በጽሑፍ ዓይነት ላኩ። የባንክ ሒሳብ ቁጥርና የመታወቂያ ቁጥርም እንዲሁ። የማትደምሩትንና የማትቀንሱትን ነገር ቁጥር አታድርጉት።
3. የተበላሸውን ዳታ ከማረማችሁ በፊት በሰሌክት እዩት፦ ርዝመቱ 9 የሆነና በ9 ወይም በ7 የሚጀምር ስንት አለ?
4. ቁጥሩ የጠበቃችሁት ከሆነ በኮንካት ከፊት ዜሮ ጨምሩ። የአፕዴቱ ዌር ከሰሌክቱ ዌር ጋር አንድ ይሁን። ዌር የሌለው አፕዴት የዳኑትንም ያበላሻል።
5. +251 ብለው የገቡ ካሉ ለብቻ ለዩዋቸውና ወደ አንድ አጻጻፍ አምጧቸው። ከዚያ በኋላ ፎርሙ ራሱ ከመላኩ በፊት አንድ ዓይነት ያድርጋቸው።

ተቃራኒውም አለ። ኮለሙ ቫርቻር ሆኖ ፍለጋው በቁጥር ከተላከ ማይኤስኪውኤል ሁለቱንም ወደ ቁጥር ቀይሮ ያስተያያል። ያገኘዋል፣ ግን ኢንዴክሱን አይጠቀምም። ቴብሉ ሲያድግ ገጹ እየተጎተተ ይሄዳል። «ሰርቨሩ ደከመ» ከማለታችሁ በፊት የተላከውን ዓይነት እዩ።

### የአማርኛ ጽሑፍ

በዩቲኤፍ8 አንድ የአማርኛ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። ቫርደምፕ የሚቆጥረው ባይት ነው። ስለዚህ «ጅማ» 6 መሆን አለበት። 7 ካለ ጫፉ ላይ ስፔስ ተደብቋል። 8 ካለ ከሌላ ገጽ ኮፒ ሲደረግ የመጣ የማይሰበር ስፔስ ሊሆን ይችላል፤ እሱ 2 ባይት ነው፣ ተራው ትሪም አያጠፋውም። ለይታችሁ ሪፕሌስ አድርጉት።

ርዝመቱ 6 ሆኖ አሁንም ካልተገኘ አጻጻፉን እዩ። ከተማችን ራሷ በሁለት መንገድ ትጻፋለች፦ ጅማ እና ጂማ። ለእኛ አንድ ናቸው፤ ለዳታቤዙ ሁለት የተለያዩ ፊደሎች ናቸው። ሄክስ ብላችሁ ብትጠይቁት ጅ በ85 ያልቃል፣ ጂ በ82። ሀ፣ ሐ እና ኀ፤ ሰ እና ሠ፤ አ እና ዐ፤ ጸ እና ፀ ሁሉም እንዲሁ ናቸው። ዓለሙ ብሎ የተመዘገበን ሰው አለሙ ብላችሁ አታገኙትም።

መፍትሔው ሁለት ነው። ወረዳና ከተማን በነጻ አታስጽፉ፤ ከዝርዝር ይመረጥ፣ የሚላከውም መለያ ቁጥሩ ይሁን። የሰው ስም ግን ባለቤቱ እንደሚጽፈው ይቀመጥ፤ ስሙ የእሱ ነው። ከጎኑ ለፍለጋ ብቻ የሚያገለግል ሌላ ኮለም ጨምሩ። እዚያ ውስጥ ሞክሼ ፊደሎቹን ወደ አንድ ቀይራችሁ አስቀምጡ። የሚፈለገውንም ቃል ከመላካችሁ በፊት በዚያው ፈንክሽን አሳልፉት።

ሁዳም እንዲህ ታስቸግራለች። አንዳንድ የስልክ ኪቦርድ ቀጥ ያለችውን (') ትቶ የተቆለመመችውን (’) ይጽፋል። ዓይን አይለያትም፣ ዳታቤዝ ግን ይለያታል። ስትመዘግቡም ስትፈልጉም ወደ አንዷ ቀይሯት።

ቴብሉ ውስጥ አማርኛው «????» ሆኖ ከተቀመጠ ፓራሜትሩን አትውቀሱ። የኮለሙ ወይም የኮኔክሽኑ ቻርሴት (የፊደል አቀማመጥ ስልት) አማርኛን የማይችል ነው ማለት ነው። ኮኔክሽኑ ላይ ዩቲኤፍ8ኤምቢ4 ብላችሁ ጻፉ፤ ቴብሉም እንዲሁ ይሁን። እንደ አለመታደል ጥያቄ ምልክት ሆኖ የተቀመጠው ጽሑፍ አይመለስም። ከወረቀት መዝገቡ እንደገና መግባት አለበት፤ ስለዚህ ይህን ቀድማችሁ ፈትኑ።

### ቀን

ፎርሙ የኢትዮጵያን ቀን ተቀብሎ እንዳለ ዴት ኮለም ውስጥ ከከተተው፣ ለቀናት የሚሠራ ይመስላል። 2017-02-15 ብሎ ጥቅምት 15ን ይልካል። ማይኤስኪውኤል የሚያነበው ግን ፌብሩዋሪ 15 ብሎ ነው፤ ዝም ብሎ ይቀበላል። ጥቅምት 29 ላይ ድንገት እምቢ ይላል። ፌብሩዋሪ 2017 28 ቀን ብቻ ነዋ! የእሸት ቡና ርክክብ በደራበት ሰሞን መሆኑ ነው። ጳጉሜ ደግሞ 13ኛ ወር ስለሆነ መቼም አይገባም።

ስትሪክት ሞድ (ዳታቤዙ የተሳሳተ እሴትን አልቀበልም የሚልበት አሠራር) የበራ ከሆነ 1292 ይወጣል። የጠፋ ከሆነ 0000-00-00 ሆኖ ይገባል፣ ማንም አያውቅም። ላፕቶፓችሁና ሰርቨራችሁ በዚህ ሊለያዩ ስለሚችሉ ሁለቱም ላይ ኤስኪውኤል ሞዱን ጠይቁና አስተያዩ።

ቀኑን ባይንድ ከማድረጋችሁ (ከፕሌስሆልደሩ ጋር ከማያያዛችሁ) በፊት ኮድ ውስጥ ወደ አውሮፓውያኑ ቀይሩ። ስታሳዩ ወደ ኢትዮጵያ መልሱ። የፒኤችፒ ኢንትል ኤክስቴንሽን የኢትዮጵያን ካላንደር ያውቃል። መፈተሻ ከፈለጋችሁ ጥቅምት 30 ቀን 2017 ዓ.ም. 2024-11-09 ሆኖ መውጣት አለበት። እስካሁን ሳይቀየር የገባ ዳታ ካለ አሮጌውንና አዲሱን በአንድ ኮለም አትቀላቅሉ። መጀመሪያ አሮጌውን ወደ ሌላ ኮለም አውጡ፣ ከዚያ ቀይሩ።

### ኪሎ፣ ባዶ እና ቼክቦክስ

የኪሎ ኮለም ፍሎት ከሆነ «ኪሎ = ?» ብሎ 16.7ን መፈለግ ላያገኝ ይችላል። ፍሎት የሚይዘው ግምታዊ ቁጥር ነው። ገንዘብና ክብደት ዴሲማል ይሁን።

ናል የሆነውን ለማግኘት «= ?» አይሠራም፤ ናል ከምንም ጋር እኩል አይሆንም። እሴቱ ናል ከሆነ ኩዌሪው «ኢዝ ናል» የሚል ይሁን።

ቼክቦክስ ሳይመረጥ ሲቀር ፒኤችፒ ውስጥ ፎልስ ካደረጋችሁትና ከሌሎቹ እሴቶች ጋር በአንድ አሬይ ኤክስኪዩት ላይ ከሰጣችሁት፣ ባዶ ጽሑፍ ሆኖ ይሄዳል። 1366 የሚመጣው ከዚያ ነው። 0 ወይም 1 አድርጋችሁ ላኩ።

## ደረጃ 4፦ ፓራሜትር የማይገባበት ቦታ

ፕሌስሆልደር የሚተካው እሴትን ብቻ ነው። የቴብል ስም፣ የኮለም ስም፣ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች የሚል ቃል አይተካም።

«ኦርደር ባይ ?» ብላችሁ ኪሎ የሚለውን ስም ብትልኩ ኤረር አይወጣም። ዳታቤዙ ኪሎ የሚለውን እንደ ተራ ጽሑፍ ወስዶ ሁሉንም ረድፍ በዚያው ቋሚ ጽሑፍ ይደረድራል፤ ማለትም አይደረድርም። እዚህ ላይ ነው ብዙዎች ከዩአርኤል የመጣውን ስም ቀጥ አድርገው የሚቀጥሉት። አትቀጥሉ። የተፈቀዱትን ኮለሞች በኮድ ውስጥ ዘርዝሩ። የመጣው ከዝርዝሩ ውስጥ ካለ ከዝርዝሩ ላይ ያለውን ተጠቀሙ፤ ከሌለ በነባሪው ደርድሩ።

«ኢን (?)» ውስጥ «3,7,9» ብላችሁ ብትልኩ የ3 ብቻ ይመጣል። ሦስቱም አንድ ጽሑፍ ሆነው ሄደዋል፤ ወደ ቁጥር ሲቀየር ከመጀመሪያው ኮማ በኋላ ያለው ይቀራል። ለእያንዳንዱ እሴት አንድ ጥያቄ ምልክት አዘጋጁ። አሬዩ ባዶ ከሆነ ደግሞ ኩዌሪውን አትላኩት፤ ባዶ ቅንፍ 1064 ነው።

«ሊሚት ?» በኢሙሌሽን ጊዜ ይሰበራል። ከአሬይ የመጣ ቁጥር በኮት ውስጥ ይገባና «ሊሚት '10'» ይሆናል። ኢሙሌሽኑን አጥፉ፣ ወይም በባይንድቫሊው ፓራም ኢንት ብላችሁ ላኩ።

## ደረጃ 5፦ ዳታቤዙ የደረሰውን ጠይቁ

እስካሁን ካልተገኘ መገመቱን አቁሙ። የጻፋችሁት አንድ ነገር ነው፣ የደረሰው ሌላ ሊሆን ይችላል።

1. ላፕቶፑ ላይ በአድሚን አካውንት ግቡና የሎግ አውትፑቱን ቴብል አድርጉ።
2. ጄነራል ሎግን (ዳታቤዙ የደረሰውን ኩዌሪ ሁሉ የሚመዘግብበትን) አብሩ።
3. ትንሿን ፋይል አንድ ጊዜ ብቻ ራን አድርጉ።
4. በማይኤስኪውኤል ዳታቤዝ ውስጥ ጄነራል ሎግ የሚለውን ቴብል ክፈቱ።
5. «ፕሪፔር» የሚለው ረድፍ ላይ ጥያቄ ምልክቶቹን፣ «ኤክስኪዩት» የሚለው ላይ እሴቶቹ ገብተው ታያላችሁ።
6. የኤክስኪዩቱን ኮፒ አድርጋችሁ ፒኤችፒማይአድሚን ላይ ራን አድርጉ።

ፒኤችፒማይአድሚን ላይ ውጤት ካመጣ ኩዌሪው ደህና ነው፤ ችግሩ ኮዱ ውጤቱን የሚያነብበት ቦታ ላይ ነው። እዚያም ባዶ ከሆነ ዌሩን አንድ አንድ ሁኔታ እየቀነሳችሁ ሞክሩ። ውጤት ይዞ እስኪመጣ ድረስ ቀንሱ። መጨረሻ ላይ የቀነሳችሁት ጥፋተኛው ነው።

«ፕሪፔር» የሚል ረድፍ ከሌለና «ኩዌሪ» የሚል ብቻ ካለ ኢሙሌሽኑ አልጠፋም። ጭራሽ ምንም ረድፍ ከሌለ ኮዱ የሚያወራው ከሌላ ዳታቤዝ ጋር ነው፤ የኮኔክሽን ፋይሉን እዩ።

ሰርቨሩ የጋራ ሆስቲንግ ከሆነ ይህን ለማብራት ፈቃድ አይኖራችሁም። ያን ጊዜ የፒዲኦን ዲበግደምፕፓራምስ ተጠቀሙ። እሴቶቹ ገብተው የተላከውን ጽሑፍ የሚያሳየው ግን ኢሙሌሽን ሲበራና ከፒኤችፒ 7.2 ጀምሮ ብቻ ነው።

ሁሉም ኮለም አንድ ዓይነት እሴት ይዞ ከደረሰ፣ ለምሳሌ ስሙም ወረዳውም ኪሎውም «120» ከሆነ፣ ሉፕ ውስጥ ባይንድፓራም ተጠቅማችኋል። ባይንድፓራም የሚይዘው ቫሪያብሉን ራሱን ነው፤ እሴቱን የሚያነበው ኤክስኪዩት ሲደረግ ነው። ሉፑ ሲያልቅ ቫሪያብሉ የያዘው የመጨረሻውን ነው። ባይንድቫሊው በሚለው ተኩት።

## ደረጃ 6፦ አፕዴቱ «0 ረድፍ» ሲል ወይም ዳታው ሲጠፋ

ማይኤስኪውኤል ላይ ሮውካውንት የሚቆጥረው በትክክል የተለወጠውን ረድፍ ነው። ያንኑ እሴት ደግማችሁ ሴቭ ካደረጋችሁ 0 ይላል። ይህ ስህተት አይደለም። «አልተመዘገበም» የሚል መልእክት በዚህ ላይ አትመሥርቱ፤ መዝጋቢው ደጋግሞ ያስገባል።

ኢንሰርቱ ያለ ኤረር አልፎ ዳታው ከሌለ ትራንዛክሽን ተከፍቶ ኮሚት አለመደረጉን እዩ። መሃል ላይ ሪተርን ወይም ኤግዚት ካለ ኮሚቱ ላይ አይደረስም።

ፓይተን የምትጠቀሙ ከሆነ ደግሞ አንዲት ነገር፦ የማይኤስኪውኤልና የፖስትግሬስ ድራይቨሮች ላይ አንድ እሴት ብቻ ስትልኩ በቅንፉ ውስጥ ከእሴቱ በኋላ ኮማ አድርጉ። ያለ ኮማ ቅንፉ ታፕል አይሆንም።

## ካስተካከላችሁ በኋላ

በጥሩ እሴት ብቻ ፈትናችሁ አትልቀቁ። እነዚህን በተራ አስገቡ፦ በዜሮ የሚጀምር ስልክ፤ መሃሉ ላይ ሁዳ ያለው ስም፤ የተቆለመመችው ሁዳ ያለችበት ያው ስም፤ ጅማ እና ጂማ፤ ጫፉ ላይ ስፔስ ያለው ወረዳ፤ ጥቅምት 30 እና ጳጉሜ 5፤ 16.7 ኪሎ፤ ባዶ የተተወ ኪሎ። እያንዳንዱን ከመዘገባችሁ በኋላ በፍለጋው ገጽ መልሳችሁ አውጡት። ገብቶ የማይወጣ ካለ ወደ ደረጃ 3 ተመለሱ።

ሰርቨሩ ላይ ስትጭኑ ባክአፕ አውጡ፣ ከዚያ ኮዱን፣ ከዚያ የዳታ ማረሚያውን። ጠዋት ሥሩት፤ ቡና የሚረከበው ከሰዓት በኋላና ማታ ስለሆነ ብትሳሳቱ ለመመለስ ጊዜ ይኖራችኋል። መዝጋቢው የመጀመሪያዎቹን ሰዎች ሲያስገባ አጠገቡ ተቀመጡ።

በመጨረሻ ጄነራል ሎጉን አጥፉና ቴብሉን ባዶ አድርጉት። የሰዎች ስልክና ስም እዚያ ውስጥ ተጽፎ ቀርቷል። የፈተሻ ፋይሏንም ከፎልደሩ ሰርዟት።